የራዲዮን ድምፅ በኮምፒዩተር ስለ መግራት

ራዲዮ የሚያዳምጥ ሰው ከአንዱ ጣቢያ ወደ ሌላው ባዞረ ጊዜ አንዱ ጮሆ፣ ሌላው አንሶ እንደሚሰማው የታወቀ ነው። ብዙዎች ይህን የማሠራጫው ኃይል ብልጫ አድርገው ይገምታሉ። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በኤፍ ኤም ሥርጭት የማሠራጫው ኃይል ድምፁ ምን ያህል ርቆ እንደሚደርስ ይወስናል እንጂ ጩኸቱን አይጨምርም። በአብዛኛው አገር የሞገዱ መወዛወዝ ወደ ላይም ሆነ ወደ ታች ከ75 ኪሎ ኸርዝ እንዲያልፍ ስለማይፈቀድ ጣሪያው ለሁሉም እኩል ነው። ልዩነቱን የሚያመጣው በስቱዲዮውና በማሠራጫው መካከል የሚቀመጠው የድምፅ ማስተካከያ መሣሪያ ነው።

ይህ መሣሪያ ያነሰውን ከፍ፣ የበዛውን ዝቅ እያደረገ ንግግሩና ዘፈኑ ወደ ጣሪያው ተጠግቶ እንዲሄድ ያደርጋል። ድምፁ ሁሉ በአንድ ልጓም ሲያዝ ግን ከበሮ በተመታ ቁጥር ዘፋኙም አብሮ ይሰጥማል፤ ስለዚህ ወፍራሙን፣ መካከለኛውንና ቀጭኑን ድምፅ ለየብቻ መግራት አስፈለገ። ሮበርት ኦርባን የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1975 ኦፕቲሞድ የተባለውን መሣሪያ ካወጣ ወዲህ ሥራው እጅግ ተራምዷል። ዛሬ መሣሪያው በተራራ ራስ ላይ ቢቀመጥም ባለሙያው ከወንበሩ ሳይነሣ በኮምፒዩተር ሶፍትዌር ያዝዘዋል። በኦርባን መሣሪያዎች ላይ «ቀንስ» እና «ጨምር» የሚል አንድ መቆጣጠሪያ አለ፤ እርሱን ብቻ ማንቀሳቀስ ብዙ ልኮችን በአንድነት ይለውጣል።

እኛን የሚያሳስበን ይኸው ቅለቱ ነው። ምንም የማያውቅ ሰው ወደ «ጨምር» ቢስበው ወዲያው ድምፁ ያማረ ይመስለዋል፤ ጆሮ የጮኸውን የተሻለ አድርጎ መቀበል ልማዱ ነውና። ጣሪያው ግን ከፍ ስለማይል፣ ትርፉ ጩኸት የሚገኘው የድምፁን ጫፍ በመቁረጥ ነው። በዚያ ላይ በኤፍ ኤም ቀጭን ድምፆች ከመሠራጨታቸው በፊት ከፍ ተደርገው፣ በመቀበያው ዝቅ ስለሚደረጉ፣ ጣሪያውን አስቀድመው የሚነኩት እንደ ሰ፣ ሸ እና ጸ ያሉት ናቸው። ዜና አንባቢው «ጸጥታ» ሲል ጨርቅ ሲቀደድ የሚመስል ነገር ከተሰማ፣ ጥፋቱን በአንባቢው ላይ ከመጣል በፊት ኮምፒዩተሩን መመልከት ይገባል።

በቴሌቪዥን በኩል ይህ ሽቅድምድም ልክ እየተበጀለት ነው። የአውሮፓ የሥርጭት ማኅበር በ2010 አማካዩ ድምፅ ከዜሮ በታች 23 ኤል ዩ ኤፍ ኤስ እንዲሆን መክሯል። በአሜሪካም በዚያው ዓመት የወጣውና ከ2012 መጨረሻ ጀምሮ የሚሠራበት ሕግ፣ ማስታወቂያ ከፕሮግራሙ በላይ እንዳይጮህ ያዝዛል። በራዲዮ ግን በብዙ አገር ነገሩ ለጣቢያው ኅሊና የተተወ ነው።

ስለዚህ ወጣቱ ባለሙያ አለቃው «ከጎረቤት ጣቢያ በላይ አስጩኸው» ባለው ጊዜ ዝም ብሎ መታዘዝ የለበትም፤ መለኪያውን አሳይቶ፣ ሁለቱንም አሰምቶ ማስረዳት ይገባዋል። ከመለወጡ በፊት የነበረውን ልክ ቀን ጽፎበት ያስቀምጥ። አንዱን ነገር ብቻ ለውጦ በርካሽ ራዲዮና በታክሲ ውስጥ አንድ ቀን ሙሉ ያዳምጥ። በኮምፒዩተሩ ገጽ ላይ የሚወጣና የሚወርደው አረንጓዴ መስመር ጆሮ የለውም።

የይለፍ ቃሉም ነገር አለ። በ2016 በአሜሪካ አንዳንድ ጣቢያዎች ድምፅን ወደ ማሠራጫው የሚያደርሰውን መሣሪያ በደካማ የይለፍ ቃል ትተውት፣ ባዕዳን ገብተው አሳፋሪ ፕሮግራም አሠራጭተውበታል። ደግነቱ፣ ሶፍትዌሩ ፈቃድን በየደረጃው መስጠት ያስችላል፤ ለአንዱ ሁሉን መለወጥ፣ ለሌላው ማየት ብቻ። በእኛ አስተያየት ለሥራ አስኪያጁ ማየቱ ይበቃዋል።