ማሳሰቢያ፦ ልጅ በደላላ አይገኝም

ለአዳማ፣ ለሞጆ፣ ለመቂ፣ ለባቱና ለሻሸመኔ ነዋሪዎች በሙሉ

ልጅ ለዘገየባችሁ ባልና ሚስቶች ይህ ቃል በቅድሚያ ለእናንተ ነው። ሠርጉ ዓመት ሳይሞላው «ዘንድሮም የለም?» የሚለው የዘመድ ጥያቄ እንዴት እንደሚቆጠቁጥ እናውቃለን። ያን ቁስል አይቶ «የምትወልድላችሁ ሴት አለችኝ»፣ «ዘር የሚሰጥ ጤነኛ ጎረምሳ አገናኛችኋለሁ» የሚል ሰው ቢመጣ ግን በሩን ዝጉበት።

ሕጉን እወቁ። የጤና አገልግሎት አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1362/2017 በሕክምና የታገዘ መውለድን የፈቀደው በሕግ ለተጋቡ ባልና ሚስት ነው። ከ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ እስከ 1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ድረስም እናት የምትባለው የወለደችው ናት። ማህፀኗን «ያከራየችው» ሴት ልጄን አልሰጥም ብትል እናትነቷ የሕግ ነው፤ ለሕግና ለሞራል ተቃራኒ የሆነ ውል ፈራሽ ነውና ወረቀታችሁ አያድናችሁም። እናንተ ሐሳባችሁን ብትቀይሩ ደግሞ ልጁን ታቅፋ የምትቀረው እሷ ናት።

ይህን ውል ለመሸሸግ ለነፍሰ ጡሯ በሌላ ሴት ስም የሕክምና ካርድ ማውጣት ወንጀል ብቻ አይደለም፤ ሕይወትም ያስከፍላል። ደም ሲፈሳት ሐኪሙ የሚያነበው የሌላ ሰው ታሪክ ነው። የቀድሞ ኦፕራሲዮኗም ሆነ የደም ግፊቷ ካርዱ ላይ የለም።

በአበባ እርሻና በፋብሪካ የምትሠሩ እህቶች፣ እንቁላል መስጠት ደም እንደ መስጠት አይደለም። ለቀናት የሚወጋው ሆርሞን እንቁላል ማምረቻውን ሊያሳብጥ፣ ሆድ ውስጥ ውኃ ሊያጠራቅም፣ ሲብስም ሊገድል ይችላል። የማህፀን ኪራይ ደላላም ወደ እናንተ ሊመጣ ይችላል፦ ታይላንድ በ2015፣ ሕንድ በ2021 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በገንዘብ ማህፀን ማከራየትን በሕግ ከልክለዋል። ደላላ አንድ በር ሲዘጋበት ድሃ ሴት ያለችበትን ሌላ በር ያንኳኳል።

በድብቅ የተሰጠ ዘርም የከፋ ዕዳ አለው። በአገራችን ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ሰባት ቤት ይቆጠራል። አንድ ወጣት ዘሩን በአዳማም በባቱም ቢሸጥና ልጆቹ ከሃያ ዓመት በኋላ ቢዋደዱ፣ ወንድምና እህት መሆናቸውን ማን ይነግራቸዋል? ያልተመረመረ ዘር ኤችአይቪና የጉበት ቫይረስም ያስተላልፋል።

ስለዚህ፦

• ዓመት ሞክራችሁ ካልተሳካ፣ ሚስት ከ35 ዓመት በላይ ከሆነች ከስድስት ወር በኋላ፣ ሁለታችሁም ተመርመሩ። ችግሩ ከወንዱም ይሆናል፤ የወንድ ዘር ምርመራ ደግሞ ቀላል ነው።

• የአባላዘር በሽታን በጊዜው ታከሙ፤ ካልታከመ የማህፀን ቱቦን ይዘጋል።

• በአዲስ አበባ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሜዲካል ኮሌጅ የመካንነት ሕክምና ማዕከሉን በ2011 ዓ.ም. ከፍቷል። ከአዳማ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የትም ብትታከሙ የተቋሙን ፈቃድ ጠይቁ፤ የስምምነት ቅጹን አንብባችሁ ሁለታችሁም ፈርሙ።

• ጉዲፈቻን አስቡ። ቃሉ ራሱ ከአፋን ኦሮሞ የመጣ ነው፤ የሌላውን ልጅ እንደ ራስ አድርጎ ማሳደግ ማለት ነው። በፍርድ ቤት ይጸድቃል፤ ልጁም መነሻውን ያውቃል።

ልጁ አድጎ «ከማን ተወለድኩ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ዓይኑን እያያችሁ የምትመልሱበትን መንገድ ዛሬ ምረጡ።