ለምጣዱ ሲባል



ሊጋቡ የተቃረቡ ወጣቶች የቤት ዕቃ ዝርዝራቸውን ይዘው ምክር ሲጠይቁኝ፣ ከአልጋውና ከቁም ሳጥኑ ቀጥሎ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ጥያቄ "የማያጣብቅ መጥበሻ ስንገዛ የትኛው ይበረክትልናል?" የሚል ነው። ጥያቄው ትንሽ ይመስላል። እኔ ግን በአንድ መጥበሻ ምክንያት በቤታችን የገባውን ቅዝቃዜ ስለማስታውስ አቅልዬ አላየውም። ስለዚህ ዛሬ አብረን ወደ ጓዳ እንግባ። ወንድሞች፣ "ይህ የእህቶች ገጽ ነው" ብላችሁ አትለፉት፤ ነገሩ እናንተንም ይመለከታል።

መጥበሻው ከየት መጣ?

በተለምዶ "ቴፍሎን" የምንለውን ነገር እ.ኤ.አ. በ1938 ያገኘው ሮይ ፕላንኬት የተባለ አሜሪካዊ የኬሚስትሪ ባለሙያ ነው፤ ያውም ሌላ ነገር ሲሠራ በአጋጣሚ። ወደ መጥበሻ የገባው ግን በባልና ሚስት ምክክር ነው። ማርክ ግሬጓር የተባለ ፈረንሳዊ መሐንዲስ ለዓሣ ማጥመጃ ዕቃው ሲጠቀምበት ሚስቱ ኮሌት አየችና ለመጥበሻዎቿም እንዲያደርግላት ጠየቀችው። እ.ኤ.አ. በ1954 ተሳካለት፤ በ1956 ደግሞ ቴፋል የተባለው ድርጅት ተመሠረተ። ስሙም ቴፍሎንና አሉሚኒየም ከሚሉት ቃላት የተወሰደ ነው። ሚስቱን የሰማ ባል እንዲህ ያተርፋል!

ስትገዙ ምን ትመለከታላችሁ?

በመጀመሪያ ክብደቱን በእጃችሁ መዝኑት። ስስ አሉሚኒየም እሳት ሲበዛበት ይጎብጣል፤ ወፈር ያለ መቀመጫ ግን ሙቀቱን እኩል ያዳርሳል። ጠፍጣፋ ነገር ላይ አስቀምጣችሁ ጫን ጫን አድርጉት፤ የሚንገዳገድ ከሆነ ተዉት። እጀታው በደንብ መያያዙን እዩ። ውስጡን ወደ ብርሃን አዙራችሁ መርምሩ፤ ጭረት ወይም አረፋ የመሰለ ነገር ካለበት አትውሰዱት። ቀድሞ ሽፋኑን ለማምረት ያገለግል የነበረው ፒኤፍኦኤ የተባለ ኬሚካል ለጤና ጎጂ መሆኑ ስለታወቀ፣ ይህ ኬሚካል እንደሌለበት ካርቶኑ ላይ የተጻፈበትን ምረጡ።

ይህን ሁሉ አሟልታችሁም አንድ ነገር እወቁ። የዚህ መጥበሻ ሽፋን ከተገዛበት ቀን ጀምሮ እየሳሳ ይሄዳል። ዕድሜው በአያያዛችሁ ነው። የብረት ማንኪያና ሹካ አይንካው፤ የእንጨት ማማሰያ ይበቃዋል። በሽቦ ወይም በአመድ አትፈትጉት። እንደጋለ ቀዝቃዛ ውኃ አታፍስሱበት። ከሁሉም በላይ ባዶውን ኃይለኛ እሳት ላይ አትጣዱት። ሽፋኑ ከ260 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ሲግል መበላሸት ይጀምራል፤ ከዚያም አልፎ ሲግል የሚወጣው ጢስ ለሳንባ ጎጂ ነው። የከሰል እሳት ደግሞ እንደ ኤሌክትሪክ ምድጃ መቀነሻ የለውም። ስለዚህ መጥበሻው ለእንቁላል፣ ለዓሣና ለመሳሰሉት ይሁን። ሽንኩርት ያለ ዘይት ለማቁላላት፣ ቆሎ ወይም ቡና ለመቁላት አታውሉት። ለዚያ ብረት ምጣድ አለላችሁ።

ያ የቡና ነገር

ይህን የተማርኩት በራሴ ቤት ነው። ከተጋባን ገና ዓመት አልሞላንም። ሚዜዎቼ ለሠርጌ ያመጡልኝ መጥበሻ ነበረኝ፤ እንግዳ ሲመጣ ብቻ ነበር የማወጣው። አንድ ቅዳሜ አሞኝ ተኝቼ ሳለ ባለቤቴ ቡና ሊያፈላልኝ ተነሣ። ጎንደር ተወልዶ ያደገ፣ እናቱ ጓዳ አስገብታው የማታውቅ ወንድ! ብረት ምጣዳችንን ጎረቤት ተውሳው ስለነበር መጥበሻዬን ከሰሉ ላይ ጣደው፤ ቡናውንም በብረት ማንኪያ እያማሰለ ቆላው።

የማላውቀው ሽታ ቀሰቀሰኝ። ተነሥቼ ስገባ መጥበሻዬ ፊቱ ተልጦ አየሁት። ሲኒዎቹን አጥቦ ደርድሮ የቆመውን ባሌን ግን አላየሁትም። "አንተ መቼ ነው ነገር የሚገባህ?" አልኩት። ከዚያ በኋላ የተናገርኩትን እዚህ መድገም አልፈልግም። ምንም አልመለሰልኝም። መጥበሻውን አውርዶ ወጣ።

መጥበሻው በአንድ ቀን ተጣለ። ባለቤቴ ግን ከዚያ በኋላ ከዓመት በላይ ጓዳ አልገባም። የመጀመሪያ ልጃችንን ወልጄ አራስ ቤት ሳለሁ እንኳ ውኃ ለማሞቅ እናቱን ነበር የሚጠራው። ይቅርታ ሳልጠይቀው ቀርቼ አይደለም፤ ጠይቄዋለሁ። ነገር ግን ይቅርታዬን "አንተም ግን ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት?" ብዬ ነበር የጨረስኩት።

"ለምጣዱ ሲባል አይጧ ትለፍ" ይባላል። ምጣድ ላይ የወጣችውን አይጥ እመታለሁ ያለ ምጣዱን ይሰብራል። የእኔ አይጥ የተቃጠለው መጥበሻ ነበር። ምጣዱ ደግሞ ሊያገለግለኝ የተነሣው ባሌ። እኔ ሁለቱን አልለየሁም።

አዲሱ ምጣድ

በሁለተኛው ዓመት የእንጀራ ምጣዳችን ተሰነጠቀ። ባለቤቴን "አብረን ሄደን እንግዛ" አልኩትና ወደ ወለቃ ሄድን። ወለቃ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ለከተማው ቅርብ የሆነች፣ በሸክላ ሥራዋ የታወቀች መንደር ናት። ሙያውን ያቆዩት ቤተ እስራኤላውያን ናቸው፤ ከመንደሩ አብዛኞቹ እ.ኤ.አ. እስከ 1991 በነበሩት ዓመታት ወደ እስራኤል ሄደዋል። አካባቢያችን ሸክላ ሠሪዋን "ቡዳ" እያለ ሲንቅ፣ ግን በእጇ ሥራ ላይ እየጋገረ ሲበላ የኖረ ነው። እኛ እግዚአብሔር ሕዝቡን በሸክላ ሠሪ ቤት እንዳስተማረ የምናነብ ሰዎች ነንና (ኤር. 18) ዋጋ ስንከራከር የድካሟን አናሳንስባት።

ምጣድ ስትገዙ በጣታችሁ አንኳኩት። ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ደህና ነው፤ የታፈነ ድምፅ ካሰማ ስንጥቅ ሊኖረው ይችላል። ፊቱን በመዳፋችሁ ዳስሱት። ከዚያ በኋላ ግን ዋናው ሥራ ማሟሸት ነው። ምጣዱ ቀስ ተብሎ ይሞቃል፤ የተፈጨ ጎመን ዘር ወይም የጥጥ ፍሬ ይነሰነስበትና በማሰሻ ደጋግሞ ይታሻል። ዘይቱ በሸክላው ቀዳዳዎች ውስጥ ገብቶ በሙቀት ይጠነክራል፤ ፊቱም ጥቁርና ለስላሳ ይሆናል። ብረት ምጣድም እንዲሁ በዘይት ይሟሻል። ይህ የእናቶቻችን ቴፍሎን ነው፤ ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። ተቀብቶ የመጣው ሽፋን በየቀኑ ሲሳሳ፣ የተሟሸ ምጣድ በታሰሰና በተጋገረበት ቁጥር እየተሻለ ይሄዳል።

የዚያን ቀን ጎመን ዘሩን ባለቤቴ እንዲወቅጥልኝ ለመንኩት። ጥቂት አመነታና ገባ። የመጀመሪያዎቹ እንጀራዎች ተጣብቀው ተቀዳደዱ፤ የምጣድ ማሟሻ ናቸውና። እሱ ግን ከምጣዱ ዳር ተቀምጦ እየሳቀ በላቸው። ያን ጊዜ "ስለ ቡናው ቀን ይቅር በለኝ" አልኩት። "ግን" የሚለውን ቃል አልጨመርኩም። እሱም "መጥበሻው እኮ ውድ ነበር" አለኝ። ከዚያ ወዲህ በቤታችን የቅዳሜ ቡና የእሱ ነው፤ በብረት ምጣድ!

የተወደዳችሁ ባለትዳሮች፣ ብዙዎቻችን ወደ ትዳር የምንገባው ሁሉ ነገር ተቀብቶ፣ ለስልሶ የመጣልን እየመሰለን ነው። መዝሙሩ ደምቋል፣ ሽማግሌዎች ጸልየዋል፣ ከእንግዲህ ምን ያጣብቃል? በመጀመሪያው ዓመት ሲያጣብቅ ግን "ምጣዱ አይረባም" እንላለን። ምጣዱ ገና ስላልተሟሸ ነው። በየዕለቱ ይታሰስ፤ አብራችሁ ጸልዩ፣ ፀሐይ ሳይጠልቅ ይቅር ተባባሉ (ኤፌ. 4፥26)፣ የተቀደደውን አብራችሁ ብሉ። ይህን ስል መመታትንና መዋረድን ችላችሁ እለፉት ማለቴ አይደለም። የሚመታ ሰው ምጣዱን ራሱን እየሰበረ ነውና ዝም አትበሉ፤ ለሚያምኑት ሰው ተናገሩ፤ እርዳታም ፈልጉ።

ወንድሞች ደግሞ ጓዳ መግባት የሚያሳፍር ከመሰላችሁ 1ኛ ዜና 9፥31ን ግለጡ። በእግዚአብሔር ቤት በምጣድ በሚጋገረው ላይ የተሾመው ማቲትያ የተባለ ሌዋዊ ወንድ ነበር።

ለባልና ሚስት መወያያ፦
1. በቤታችን ለዕቃ ስንል ሰው ያቆሰልንበት ቀን አለ? ይቅርታችን "ግን" ነበረበት?
2. ከሁለታችን አንዱ በንግግር ምክንያት መሥራት ያቆመው መልካም ነገር ምንድን ነው?

ጌታ ጓዳችሁንና ቤታችሁን ይባርክ። በሚቀጥለው ዕትም እስክንገናኝ ሰላም ሁኑ!