በጓሳ ለሚያድር ቤተ ሰብ

ከራቤል ተነሥቶ የመንዝን ጓሳ ለማየት ቤተ ሰቡን ይዞ የሚሄድ ሰው፤ የሚያድርበትን ስፍራ አስቀድሞ ይቍረጥ። ደጋው ከ3200 እስከ 3700 ሜትር ከፍታ አለውና ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱን ውርጭ ይጥላል። ስለዚህ ሕፃን ወይም ሽማግሌ ያለበት ቤተ ሰብ በመሐል ሜዳ ከተማ አድሮ፤ ቀን ወጥቶ ማታ ቢመለስ ይሻለዋል።

ጤንነቱ የታመነ ግን በዚያው በጓሳ፤ የአገሩ ሕዝብ በማኅበር በያዘው ማረፊያ ይደር። ጭላዳው ከገደል ማደሪያው ሲወጣ፤ ቀይ ቀበሮውም አይጥ ሲያድን በማለዳ ያያል። ገንዘቡም ሣሩን ለጠበቁት ይደርሳል። የመንዝ ሰዎች በቄሮ ሥርዓት ሣሩን ለዓመታት እያገዱ፤ ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚያጭዱት ሲፈቀድ ብቻ ነበር። ሥርዓቱ በ1967 ዓመተ ምሕረት በመሬት አዋጅ ምክንያት ቢፈርስም፤ ጥበቃውን ኋላ በማኅበር መልሰው አቁመውታል።

እመቤቲቱም ስንቁን ከቤት ታሰናዳ፤ ከሁሉ አስቀድማ ባናውን ታስጭን። የመንዝ በግ ጠጕር ሳለ ቀጭን ብርድ ልብስ ይዞ የሚወጣ እንግዳ ያስገርመኛል። የማረፊያው ክፍሎች ጥቂቶች ናቸውና አስቀድሞ ይጠየቅ፤ የሞላ እንደ ሆነ ግን ድንኳን ይዞ መውጣት ነው።