ጆሮ ደግፍና ጆሮ ደግፍን የሚመስለው እብጠት



አንድ ልጅ ከጆሮው በታች አብጦ ሲታይ በነቀምቴም ሆነ በጊምቢ፥ በሻምቡም ሆነ በደምቢ ዶሎ እናቶች ያለ ማመንታት «ጆሮ ደግፍ ነው» ይላሉ። ብዙውን ጊዜ እውነታቸውን ነው። ጆሮ ደግፍ ትኩሳትና ሕመም ይዞ ይመጣል፤ ልጁንም ማኘክ ይከለክለዋል፤ ነገር ግን በሳምንት ወይም በ10 ቀን ገደማ ይሟሽሻል። ዛሬ በዚህ ዓምድ ልናመለክታችሁ የወደድነው ሌላውን ነው፤ ይኸውም ብዙ ሕመም ሳይሰማ ቀስ እያለ መጥቶ፥ ወር አልፎ ወር ሲተካ የማይለቀውን፥ ብዙ ጊዜም በሁለቱም ጉንጭ የሚታየውን እብጠት ነው። የዚህ ዓይነቱ እብጠት ምክንያት ልዩ ልዩ ሊሆን ቢችልም፥ አንደኛው ኤች አይ ቪ ነው።

በሰው ሦስት ጥንድ ዋና ዋና የምራቅ እጢዎች አሉ፤ አንደኛው ከጆሮ ፊትና በታች፥ ሁለተኛው ከመንጋጋ ሥር፥ ሦስተኛው ከምላስ ሥር። ከሁሉ የሚበልጠው በጆሮ አጠገብ ያለው ሲሆን፥ ከሌሎቹ የሚለይበት ነገር አለው፤ በብብትና በጉያ ሲያብጡ ንፍፊት የምንላቸውን የመሰሉ ትንንሽ እጢዎች በውስጡ ይገኛሉ። ቫይረሱ በሰውነት ሲሰራጭ፥ ጠባቂዎቹ ነጭ የደም ሕዋሳት ወደዚያ ተሰብስበው እጢውን ያሳብጡታል፤ በአንዳንዱም ሰው ውኃ የቋጠሩ ከረጢቶች ያበጁበታል። በዐዋቂዎችም ይታያል፤ በሕፃናት ዘንድ ግን ይበዛል። የዓለም ጤና ድርጅት የሕፃናትን ሕመም በ4 ደረጃ ሲከፍል፥ ይህን የማይለቅ እብጠት በ2ኛው ደረጃ አስቀምጦታል። እንግዲህ ይህ የመጨረሻ ምልክት አይደለም፤ እንዲያውም እብጠቱ ያለባቸው ልጆች በሽታው ቀስ ብሎ የሚሄድባቸው መሆኑን ሐኪሞች አስተውለዋል።

አንድ የሚያሳዝን ነገር አለ። ጆሮ ደግፍ በምራቅና በሳል ከልጅ ወደ ልጅ ይተላለፋል፤ ኤች አይ ቪ ግን በምራቅ አይተላለፍም። ሰው ግን ነገሩን ገልብጦ፥ ጆሮ ደግፍ ከያዘው ልጅ ጋራ ልጆቹን እያጫወተ፥ ቫይረሱ በደሙ ያለበትን ልጅ ዋንጫ ለብቻ ያደርጋል። በአንድ ገበታ መብላት፥ በአንድ ዋንጫ መጠጣት፥ ጉንጩንም መሳም አንዳች አያመጣም።

ከዚህ የሚከፋው እብጠቱን መብጣትና በጋለ ብረት መተኮስ ነው። ፊትን የሚያንቀሳቅሰው ጅማት በዚህ እጢ መካከል ሰንጥቆ ያልፋል። ምላጭ ይህን ጅማት ቢነካው አፍ ይጣመማል፥ ዐይንም መከደን ይሳነዋል፤ እንዲህ ያለው ጉዳት ደግሞ ዕድሜ ልክ ሊቀር ይችላል። ሐኪሞችም ቢሆኑ እዚህ ቦታ ላይ ቢላዋ ለማሳረፍ አይቸኩሉም፤ ሲያስፈልግ በቀጭን መርፌ ቀድተው ይመረምራሉ። የሳንባ ነቀርሳ በዚሁ ስፍራ እብጠት ሊያወጣ ስለሚችል፥ አልፎ አልፎም ነቀርሳ የሚባለው ክፉ ዕባጭ ስለሚገኝ ምርመራው ከንቱ አይደለም። በተለይ እብጠቱ በአንድ ወገን ብቻ በፍጥነት ቢያድግ፥ ቢጠጥር፥ ወይም ፊት ቢጣመም ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል ነው።

ታዲያ ወላጆች ለምን ይዘገያሉ? እውነቱን እንነጋገር ካልን፥ ከገንዘቡና ከመንገዱ ይልቅ የሚያዘገያቸው ፍርሃት ነው። ቫይረሱ ወደ ሕፃን የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ በእርግዝና፥ በወሊድ ወይም በጡት ከእናት ስለሆነ፥ የልጅ ደም ሲመረመር የእናት ነገር ይገለጣል፤ ከእናትም ወደ አባት ይሄዳል። አባት «ማን አመጣው?» ብሎ እንዳይነሣ፥ እናትም ትዳሯ እንዳይፈርስ፥ ሁለቱም የልጁን ጉንጭ እያዩ ዝም ይላሉ። ልጁ ግን በዚህ ዝምታ መካከል ይከሳል። አባት የሆንህ ሆይ፥ ጥያቄህ ይቆይህና አስቀድመህ ከባለቤትህ ጋራ ሆነህ ተመርመር።

በአገራችን የመጀመሪያዎቹ በሽተኞች በታወቁበት በ1978 ዓ.ም. ሐኪም የሚሰጠው መድኀኒት አልነበረውም። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ግን መድኀኒቱ ያለ ዋጋ ይታደላል። መድኀኒቱ ቫይረሱን ሲያዳክመው፥ እብጠቱም በብዙዎች ላይ በወራት ውስጥ እየቀነሰ ይሄዳል። «ጸበል ከያዝሁ መድኀኒቱን ልተው» የሚል ካለ፥ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ሁለቱን አብሮ መውሰድ እንደሚገባ በግልጽ ማስተማራቸውን ያስታውስ። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በወለጋ በነበረው ግጭት መንገድ ተዘግቶባቸው መድኀኒታቸው የተቋረጠባቸው ወገኖችም፥ «አንድ ጊዜ ተቋርጧል» ብለው ሳይተዉት ተመልሰው ለሐኪማቸው ይንገሩ።

እጢው ሲታወክ ምራቅ ይጐድላል። ምራቅ የጐደለበት አፍ ጥርሱ ቶሎ ይበላል፤ ምላሱ ላይ ነጭ ሻጋታ መሳይ ነገር ይወጣል፤ ደረቅ እንጀራም ከጉሮሮ አልወርድ ይላል። ለዚህ በአገራችን ለስላሳ ምግብ አልጠፋም፤ ተቀቅሎ የላመ አንጮቴ፥ ፈሰስ ያለ ሾርባ፥ በወጥ የራሰ ፍትፍት ይስማማል። ማርና ከረሜላ ግን በደረቅ አፍ ውስጥ ለጥርስ ጠላት ናቸው። ጥርስን ጧትና ማታ በፍሎራይድ ሳሙና መቦረሽ፥ ውኃም በየጊዜው ጕንጭ ጕንጭ እያሉ መጠጣት ያስፈልጋል። በጾም ወራት ስለ ውኃውም ሆነ ስለ መድኀኒቱ ሰዓት ከንስሐ አባት ጋራ አስቀድሞ መነጋገር ይበጃል።

የሥራ ባልደረቦቼ መምህራን ሆይ፥ እንዲህ ያለ ልጅ በክፍላችሁ ቢኖር የውኃ ጠርሙሱን በእጁ ይዞ እንዲቀመጥ ፍቀዱለት፤ ጓደኞቹ «ጉንጨ ትልቅ» እያሉ ሲሰድቡትም ገሥጹ፤ ምክንያቱን ግን በሌሎች ፊት አትጠይቁት።