ያልተመቸን ጥያቄ

ከዓመታት በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት የግዥ ኮሚቴ አባል ነበርሁ። አምስታችንም በአንድ ዘመን የተቀጠርን፣ ምሳ አብረን የምንበላ፣ ለቅሶና ሠርግ የማይለየን ነበርን። ስብሰባችን ግማሽ ሰዓት አይሞላም፤ ቃለ ጉባኤው ላይ ፈርመን እንወጣለን። አንድ ቀን ማሽን ለመግዛት ስንሰበሰብ ከሌላ ቅርንጫፍ ተዛውራ የመጣች የንብረት ክፍል ሠራተኛ አብራን ተቀመጠችና «ማሽኑ ሲበላሽ መለዋወጫውን ከየት እናመጣለን?» አለች። ክፍሉ ጭር አለ። እኔም በሆዴ «ይህቺ ደግሞ ከየት መጣች?» አልሁ። መልስ ሳንሰጣት ፈረምን። ማሽኑ ዓመት ሳይሞላው ቆመ፤ መለዋወጫም አልተገኘም።

የዚያን ቀን ስሜቴን ምንነት የተረዳሁት ዘግይቼ የካትሪን ፊሊፕስን ሥራዎች ሳነብ ነው። እኚህ ጥቁር አሜሪካዊት የድርጅት ሥነ ልቦና ተመራማሪ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ሠርተው፣ በኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ የኬሎግ ማኔጅመንት ትምህርት ቤት፣ ኋላም በኮሎምቢያ ቢዝነስ ትምህርት ቤት አስተምረዋል። በጥር 2020 (እ.ኤ.አ.) እስኪያርፉ ድረስ አንድ ጥያቄ አልለቀቃቸውም፦ የማይመሳሰሉ ሰዎች አብረው ሲሠሩ ምን ይሆናል?

ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2009 ያሳተሙት ጥናት ከአእምሮዬ አይጠፋም። የአንድ ማኅበር አባላት የሆኑ ተማሪዎች የግድያ ምርመራ መዝገብ አንብበው ገዳዩን እንዲለዩ በቡድን ተቀመጡ። ውይይቱ ከተጀመረ በኋላ አንድ ሰው ተጨመረላቸው፤ ለአንዳንዱ ቡድን ከራሱ ማኅበር፣ ለአንዳንዱ ከሌላ ማኅበር። ባይተዋር የገባባቸው ቡድኖች ውይይታችን ጥሩ አልነበረም፣ በመልሳችንም አንተማመንም አሉ። ትክክለኛውን ገዳይ የማግኘት ዕድላቸው ግን ከ29 ከመቶ ወደ 60 ከመቶ ከፍ ብሎ ተገኘ። ከሁሉ የገረመኝ፣ ውጤቱ የመጣው እንግዳው አዲስ ሐሳብ ይዞ ስለገባ አለመሆኑ ነው። እሱ በመኖሩ ብቻ ነባሮቹ የራሳቸውን ሐሳብ ደግመው መረመሩ።

«ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» እንላለን። ሁለቱ አስቀድመው በልባቸው የተስማሙ ከሆኑ ግን በሁለት አፍ የሚናገር አንድ ሰው ናቸው። የእኛ ኮሚቴ አምስት አፍ ነበረው።

ፊሊፕስ ብዝኃነት ሁሉን ያስማማል ብለው አላሞኙንም። አለመተማመንና ግጭት ሊያመጣ እንደሚችል በግልጽ ጽፈዋል፤ በ2014 «ሳይንቲፊክ አሜሪካን» ላይ ባወጡት ጽሑፍም ሕመሙን ጡንቻ ለማጠንከር ስፖርት የሚሠራ ሰው ከሚሰማው ሕመም ጋር አነጻጽረውታል። እኔን ያሳመነኝ ይህ ሐቀኝነታቸው ነው። ስሕተታችን አለመመቸቱን የመበላሸት ምልክት አድርገን መቁጠራችን ነውና።

እኛ አገር ስለ ብዝኃነት ሲወራ የሚቆጠረው ተዋጽኦ ነው፤ ከየብሔሩ፣ ከየፆታው ስንት ሰው እንደገባ። ቆጠራው ተገቢ ነው፤ በር ተዘግቶባቸው የኖሩ አሉና። ግን የገባው ሰው «ከእነሱ ጋር ልግባባ» ብሎ ጥያቄውን ከዋጠ ምን አተረፍን? ቅጥር ላይ ተቀምጠን «ጠባዩ ከእኛ ጋር ይሄዳል?» ስንልስ፣ የምንፈልገው ሠራተኛ ነው ወይስ የምሳ ጓደኛ?

ስለዚህ ስብሰባ ለምትመሩ ሁሉ አንድ ልመና አለኝ። ሁሉም ቶሎ ከተስማማ ቃለ ጉባኤውን አሳድሩት። አዲስ የመጣውን ሰው አለቃው ከመናገሩ በፊት አናግሩት። የሚናገረው ቅር ቢያሰኛችሁም እስኪጨርስ ጠብቁት። እኔ ለዚያች ባልደረባዬ ይህን አላደረግሁላትም፤ ከዚያ ወዲህ በኮሚቴያችን ሁለተኛ ጥያቄ ስትጠይቅ አልሰማኋትም።