የማኅበረሰብ ኦርኬስትራና የኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኞች የትርፍ ጊዜ

በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ክፍል የሚገኘው ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2014 ሥራ የጀመረ ሲሆን፣ በአመዛኙ የልብስ ስፌት ፋብሪካዎችን የያዘ ነው። ከሠራተኞቹ መካከል አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ሲሆኑ፣ በርካቶቹም ከቤተሰባቸው ተለይተው ከየክልሉ የመጡ ናቸው። የደመወዝ፣ የመኖሪያ ቤትና የትራንስፖርት ጥያቄዎቻቸው ቀዳሚ መሆናቸው አያከራክርም። ይሁን እንጂ ሠራተኞች ሥራቸውን ቶሎ ቶሎ የሚለቁበት ሁኔታ በፓርኮች ጎልቶ በመታየቱ፣ ከፈረቃ በኋላ ያለው ማኅበራዊ ሕይወታቸውም ትኩረት ይሻል። የማኅበረሰብ ኦርኬስትራ ለዚህ ከሚያግዙ አማራጮች አንዱ ሊሆን ይችላል።

የማኅበረሰብ ኦርኬስትራ አባላቱ በሌላ ሥራ እየተዳደሩ በትርፍ ጊዜያቸው የሚለማመዱበት የሙዚቃ ስብስብ ነው። በኪንሻሳ እ.ኤ.አ. በ1994 የተመሠረተው የኪምባንጊስት ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ለዚህ በአብነት ይጠቀሳል። አባላቱ መጀመሪያ ላይ ጥቂት ቫዮሊኖችን በየተራ እየተጋሩ ቢማሩም፣ የቤትሆቨንን ዘጠነኛ ሲምፎኒ እስከ መጫወት ደርሰዋል። ለዚህ ያበቃቸው ቋሚ የመለማመጃ ስፍራና ያልተቋረጠ ልምምድ ነው።

በኢትዮጵያም መሠረቱ ጥንት የተጣለ ነው። ራስ ተፈሪ እ.ኤ.አ. በ1924 ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርባ የአርመን ልጆች በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት የማርሽ ሙዚቃን አስፋፍተዋል። እ.ኤ.አ. በ1963 በቀድሞው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በግብፃዊው ተወላጅ ሃሊም ኤል ዳብ የተመሠረተው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ደግሞ ክራርን፣ ማሲንቆን፣ ዋሽንትንና በገናን በአንድ መድረክ አሰባስቧል። በተስፋዬ ለማ መሪነት ዝናን ያተረፈው ይህ ስብስብ እ.ኤ.አ. በ1975 ተበትኗል። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት፣ የባለሙያ ብቃት ብቻውን የአንድን ስብስብ ቀጣይነት እንደማያረጋግጥ ነው።

በቦሌ ለሚ መሰል ጥረት ቢታሰብ መነሻው ውድ መሣሪያ ሊሆን አይገባም። ሠራተኞቹ ከየአካባቢያቸው ይዘውት የመጡት ዜማ አለ፤ ክራርና ዋሽንትም በአገር ውስጥ ይሠራሉ። አስተማሪን በተመለከተ በመዲናዋ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ይገኛል። አስቸጋሪው ጉዳይ ጊዜና ስፍራ ነው። ልምምዱ ከፈረቃ ጋር የተጣጣመ፣ ሠራተኞችም ከምሽት በኋላ በሰላም ወደ ቤታቸው የሚመለሱበት መጓጓዣ ያለው ሊሆን ይገባል።

ስለሆነም የሚመለከታቸው አካላት ጉዳዩን ለበዓል ዝግጅት ብቻ ከሚታወስ የኪነት ቡድን ለይተው ሊመለከቱት ይገባል። አዳራሽ፣ የተወሰነ ሰዓትና አነስተኛም ቢሆን ቋሚ በጀት የተመደበለት ስብስብ፣ አስጀማሪዎቹ በሌሎች ቢተኩም ሥራውን የመቀጠል ዕድል ይኖረዋል።