ለልጆቻችን ስፓኒሽ ማን ያስተምራቸው?

ለገጣፎ ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ ጋር በ2015 ዓ.ም. በተመሠረተው የሸገር ከተማ ሥር መጠቃለሏ ይታወቃል። በእነዚህ ከተሞች የሚያድግ ልጅ ሦስት ቋንቋ እየሰማ ያድጋል፤ አፋን ኦሮሞ፣ አማርኛ፣ በትምህርት ቤት ደግሞ እንግሊዝኛ። አራተኛው ማንም ሳይጠራው በኳስ በኩል ገብቷል። በሜዳ ላይ የሚራወጡትን ልጆች ብንጠይቃቸው የባርሴሎናንና የሪያል ማድሪድን ተጫዋቾች ስም ከዘመዶቻቸው ስም ይልቅ አቀላጥፈው ይነግሩናል። በሱሉልታ ደጋ ሯጮች ሲለማመዱ እያየ ያደገው ደግሞ ቫሌንሲያን አይስታትም፤ ለተሰንበት ግደይ የ5,000 ሜትሩን የዓለም ክብረ ወሰን በ2013 ዓ.ም.፣ የግማሽ ማራቶኑን በ2014 ዓ.ም. የሰበረችው እዚያ ነውና። ደራርቱ ቱሉም በ1984 ዓ.ም. የ10,000 ሜትር ወርቋን ያገኘችው በባርሴሎና ነበር።

ልጆቻችን ስሞቹን ያውቃሉ፤ ከስሞቹ በስተጀርባ ስላለው ሕዝብ፣ ልማድና ቋንቋ ግን የሚነግራቸው የለም። ስፓኒሽ ከአፍሪካ ኅብረት ይፋዊ ቋንቋዎች አንዱ ነው፤ የኅብረቱ ጽሕፈት ቤት የሚገኘውም እዚሁ አጠገባችን ነው። ከአፍሪካ አገሮች ኢኳቶሪያል ጊኒ ስፓኒሽን የመንግሥት ቋንቋ አድርጋዋለች። ስለዚህ ጉዳዩ የሩቅ አገር ቅንጦት ነው የሚለውን አስተያየት አንቀበልም። «ሦስቱ ቋንቋ መች አነሰና አራተኛ ይጨመርባቸዋል?» የሚለው የወላጆች ጥያቄ ግን ተገቢ መልስ ያስፈልገዋል።

መልሱን ከድምፅ እንጀምር፤ ድምፅ የእኛ የፊዚክስ ሰዎች ጉዳይ ነውና። ስፓኒሽ አምስት አናባቢዎች ብቻ አሉት። አፋን ኦሮሞም አምስት አናባቢዎች አሉት፤ ልዩነቱ እያንዳንዳቸውን አሳጥሮና አስረዝሞ መጠቀሙ ነው። የአማርኛው ሰባት ነው። እንግዲህ በአፋን ኦሮሞ አፉን የፈታ ልጅ የስፓኒሽን አናባቢዎች ከነሙሉ ቁጥራቸው ይዞ ወደ ክፍል ይገባል ማለት ነው። ስፓኞች አገራቸውን «ኤስፓኛ» ሲሉ ለመጨረሻዋ ድምፅ በ«ኤን» ፊደል አናት ላይ ምልክት ይጨምራሉ፤ እኛ «ኘ» አለችን፤ በቁቤም ሁለት ፊደላት አጣምረን እንጽፋታለን። እንግሊዝኛ ተናጋሪው የሚቸገርባት ድምፅ ለእኛ ልጅ የዕለት እንጀራው ናት።

በተለይ የ«ረ» ነገር ያስገርማል። በስፓኒሽ «ፔሮ» ሲላላ «ነገር ግን» ሲሆን፣ ሲጠብቅ «ውሻ» ይሆናል። በውጭ አገር ለሦስተኛ ዲግሪ በቆየንባቸው ዓመታት ስፓኒሽ የሚማሩ ባልደረቦቻችን ይህን ልዩነት ለማምጣት ምላሳቸውን ሲያስጨንቁ አይተናል። አማርኛ ተናጋሪ ልጅ ግን «ራሰ በራ» ብሎ አላልቶ፣ «መብራቱ በራ» ብሎ አጥብቆ ሲናገር ያንኑ ያደርጋል። ሲጠብቅ ምላስን የሚያርገበግባት ጡንቻ እንዳይመስለን። ጡንቻ የሚሠራው ምላስን በትክክለኛው ቦታና በትክክለኛው ውጥረት መያዝን ብቻ ነው፤ የቀረው የአየር ሥራ ነው። ከሳንባ የሚመጣው አየር ግፊቱ ሲያይል የምላስን ጫፍ ከላንቃ ያስለቅቃል፤ በጠባቧ ቀዳዳ በፍጥነት ሲያልፍ በበርኑሊ ሕግ መሠረት በዚያ ያለው ግፊት ይቀንስና፣ ከምላስ የመለጠጥ ባሕርይ ጋር ተዳምሮ ጫፉን መልሶ ያስጠጋዋል። ይህ በሴኮንድ ከ25 እስከ 30 ጊዜ ያህል ፍጥነት ይደጋገማል። ልጁ ስለ በርኑሊ ሳይሰማ ይህን መሣሪያ ገና በእናቱ ጭን ላይ ሳለ አበጅቶታል። የእናት ቋንቋው ለአዲሱ ቋንቋ መሰላል እንጂ እንቅፋት አይደለም የምንለው በዚህ ምክንያት ነው።

በሰላምታም ቢሆን እንዲሁ ነው። እንግሊዝኛ ለታናሽም ለታላቅም አንድ ቃል አለው። ስፓኒሽ ግን ለእኩያ «ኮሞ ኤስታስ»፣ ለታላቅ «ኮሞ ኤስታ ኡስቴድ» ይላል። «ኡስቴድ» «ቸርነትዎ» ከሚል የቆየ የአክብሮት አጠራር አጥሮ የመጣ ነው። «እርስዎ» እያለ ላደገ ልጅ ይህ ማብራሪያ አያስፈልገውም። የቤተ ሰብ ስምም ቢሆን የስፓኝ ሴት በጋብቻ ስሟን አትለውጥም፤ ልጆቿም የአባትንም የእናትንም ስም ይይዛሉ። እኛ የአባትን ስም ብቻ መያዛችን አከራካሪ ርእስ ሊሆን ይችላል፤ ለጊዜው እንለፈው።

ልማድን ከሳይንስ ጋር አያይዞ ማስተማር እንደሚቻል ደግሞ የምሳ ሰዓታቸው ያሳያል። ስፓኞች ምሳ የሚበሉት በእኛ አነጋገር ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ ነው፤ ስለዚህ «ዘግይተው ይበላሉ» እየተባለ ይነገርላቸዋል። «ብዌናስ ታርዴስ» (እንደምን ዋላችሁ) የሚሉትም ብዙውን ጊዜ ከዚህ ምሳ በኋላ ነው። ይሁንና ማድሪድ ከግሪንዊች በስተምዕራብ 3.7 ዲግሪ ላይ ሳለች፣ ከ1940 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሰዓቷ የተቀናው በ15 ዲግሪ ምሥራቅ ነው። ልዩነቱ 18.7 ዲግሪ ነው። ምድር አንድ ዲግሪ ለመዞር አራት ደቂቃ ስለሚፈጅባት የስፓኝ ሰዓት ከፀሐይ በ75 ደቂቃ ያህል ይቀድማል። ስለዚህ በክረምታቸው ስምንት ሰዓት ሲሉ በፀሐይ ገና ሰባት ሰዓት ለመሆን ሩብ ጉዳይ ነው። የእኛም ሰዓት የተቀናው በ45 ዲግሪ ምሥራቅ በመሆኑ ከለገጣፎ ፀሐይ በ24 ደቂቃ ገደማ ይቀድማል። ሰባት ሰዓት ላይ ምሳ የሚበላው የለገጣፎ ልጅ በፀሐይ ከስድስት ሰዓት ተኩል ጥቂት አለፍ ሲል ይበላል ማለት ነው። የሁለቱ ልጆች ምሳ የሚራራቀው በአሥር ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው! (በአዲስ ዓመት ዋዜማ እኩለ ሌሊት ላይ በአሥራ ሁለቱ የደወል ምት አሥራ ሁለት የወይን ፍሬ ይበላሉ፤ ለእኛ ልጅ ግን እኩለ ሌሊት ስድስት ሰዓት ስለሆነ ስንት ፍሬ ይድረሰው ብሎ መጠየቅ ጥሩ የክፍል ጨዋታ ይወጣዋል።)

«የስፓኝ ባህል» ስንልም አንድ ወጥ ነገር እንዳለ አድርገን ባናስተምር እንመርጣለን። ባርሴሎና የካታላን ቋንቋ አገር ናት፤ ባስክና ጋሊሺያም የየራሳቸው ቋንቋ አላቸው፤ በዓለም የታወቀው የፍላሜንኮ ዘፈንና ውዝዋዜ የአንዳሉሲያ ነው። በአንድ ክፍል አፋን ኦሮሞና አማርኛ ተናጋሪ ሆነው አብረው ለሚቀመጡ ልጆች ይህ ከየትኛውም የሰላምታ ቃል በላይ የሚገባቸው ቁም ነገር ይመስለናል።

ታዲያ ማን ያስተምራቸው? ስልክና ቴሌቪዥን ይበቃል የሚሉ አሉ። ፓትሪሺያ ኩልና ባልደረቦቿ በ2003 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ የዘጠኝ ወር አሜሪካውያን ሕፃናት ማንደሪን ቻይንኛ ከሚናገር ሰው ጋር በአካል ሲጫወቱ የቋንቋውን ድምፆች መለየት ችለዋል፤ ያንኑ ንግግር በቪዲዮ የተመለከቱት ወይም በድምፅ ብቻ የሰሙት ግን ምንም አልተማሩም። ጥናቱ በጨቅላዎች ላይ የተደረገ በመሆኑ ለሰባት ዓመት ልጅ እንዳለ አይወሰድም፤ ተማሪ ከመስኮት ስክሪንም ቃላት ሊለቅም ይችላል። ዓይን የሚያይ፣ የሚስቅ፣ የሚያርም ሰው የሚሰጠውን ግን መሣሪያ ገና አልተካውም።

ሰዎቹ ደግሞ በመካከላችን አሉ። ከኦጋዴን ጦርነት በኋላ፣ በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ በሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ሕፃናትና ወጣቶች ለትምህርት ወደ ኩባ ተልከዋል፤ ብዙዎቹ አባቶቻቸውን በጦርነቱ ያጡ ነበሩ። ያደጉት በ1978 እ.ኤ.አ. «የወጣቶች ደሴት» ተብላ በተሰየመችው ደሴት ሲሆን፣ ግማሹን ቀን በክፍል፣ ግማሹን በብርቱካንና በመሰል የፍራፍሬ እርሻ ያሳልፉ ነበር። አብረዋቸው የሄዱ ኢትዮጵያውያን መምህራን አማርኛና የአገራቸውን ታሪክ ያስተምሯቸው እንደነበር ልብ ሊባል ይገባል። ስፓኒሽ የመጣው የገዛ ቋንቋቸውን ሳያስጥል ነው። በቸርችል ጎዳና በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት፣ በ1977 ዓ.ም. የተመረቀው የትግላችን ሐውልት የወደቁትን የኩባ ወታደሮች ያስታውሳል፤ በስፓኒሽ እያሰቡ ያደጉትን የእኛን ልጆች የሚያስታውስ ግን እምብዛም የለም።

እነዚህ ወገኖች ተመልሰው ሐኪም፣ መሐንዲስ፣ መምህር ሆነዋል። የስፓኒሽ ቃላትን የቀሰሙት ከሰው ጋር በልተው፣ ዘፍነውና ተጣልተው ነው እንጂ ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። አነጋገራቸው የካሪቢያን በመሆኑ በቃል መጨረሻ ያለውን «ስ» ይውጡታል፤ የማድሪድ ሰው ቢሰማቸው ፈገግ ይል ይሆናል፤ ይህ ለእኛ ጉድለት አይደለም። የሚያሳስበን ዕድሜያቸው ነው። ያኔ የአሥር ዓመት ልጅ የነበረ ዛሬ ወደ ስልሳ ተጠግቷል፤ ጡረታ እየወጡ ነው፣ የተለዩንም አሉ።

ስለዚህ የለገጣፎና የአካባቢዋ ትምህርት ቤቶች የመማሪያ መጽሐፍ እስኪታተም ባይጠብቁ መልካም ነው። በአንድ ሴሚስተር አራት ቅዳሜ ጠዋት፣ በአንድ ክፍል አንድ እንግዳ ለጅምር ይበቃል፤ የመጓጓዣውንና የድካሙን ክፍያ የወላጅና መምህር ኅብረት ሊችለው ይገባል። እንግዳው ወይም እንግዳዋ ሰላምታውን ያስተምሩ፣ በደሴቲቱ ምን ይበሉ እንደነበር ይንገሩ፤ የፊዚክስ መምህሩ ደግሞ በዚያው ዕለት ካርታና ሰዓት ይዞ ይግባ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሆናችሁ አንባብያን ከአጎቶቻችሁ ወይም ከአክስቶቻችሁ መካከል በኩባ ያደገ ካለ፣ በሚቀጥለው የዕረፍት ጊዜያችሁ የልጅነት ዘፈኖቻቸውንና ተረቶቻቸውን በስልካችሁ ቅረጹላቸው፤ ቀኑን፣ የተቀረጸበትን ቦታና የተናጋሪውን ፈቃድ አብራችሁ መዝግቡ።